የፍልሰታ ድስቴ

«ድስት ነው እኮ» ትለኛለች ልጄ። ይህን ነገር ባነሣሁ ቁጥር እንደዚያ ትለኛለች፤ እኔም በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው ሲያረጅ ንዴቱም አብሮት ይደክማል ይባላል። የእኔ አልደከመም። እንግዲህ አንድ ጊዜ ከሥሩ ጀምሬ ልጻፈውና የሚፈርድ ይፍረድ።

ያን ጊዜ ጅቡቲ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ባለፎቅ ቤት ገረድ ነበርኩ። ባሌ ሲሞት ሴት ልጄን ድሬዳዋ እናቴ ዘንድ ትቼ በባቡር ወረድኩ፤ ሥራውን ያገኘችልኝ እዚያው ቡላኦስ ሰፈር የምትኖረው አክስቴ ናት። የቤቱ ጌታ የባቡሩ ሹም የሆነ ፈረንሳዊ ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ ስለማይገኝ ቤቱ የሚስቱ ነበር ማለት ይቻላል። ማዳም እንላታለን። ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የምለውን ሁሉ ከክፋቷ እንዳትቆጥሩት ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ አንድ ቀን ረግሜያት እገላገል ነበር።

አክስቴ ደፋር ናት። ስታስቀጥረኝ ገና በሩ ላይ እንደቆመች ውሉን ተናገረች። ልጅቷ የታዘዘችውን ሁሉ ትሠራለች፤ አሳማ የነካው ዕቃ ግን አታጥብም፤ የራሷን ምግብ በራሷ ድስት ታበስላለች፤ ድስቷንም ማንም አይነካባትም አለች። ማዳም ሳቀችና ወጥ ቤቱም እኮ እንዲሁ ብሎኛል አለች። ከዚያም እሺ አለች። በእጇ አልፈረመችም እንጂ እሺ ማለቷን ሦስታችንም ሰምተናል።

ወጥ ቤቱ ዕድሜው የገፋ ሱማሌ ነበር። አዴር እለዋለሁ፤ በእነሱ ቋንቋ አጎቴ እንደማለት ነው። ድሬዳዋ ብዙ ዘመን ስለሠራ አማርኛ ያውቃል፤ ሲፈልግ ያውቃል፣ ሳይፈልግ ይጠፋበታል። እሱም እንደ እኔ አሳማ አይነካም። እሱም እንደ እኔ የራሱ ድስት አለው፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል። እስላም የባረከውን ሥጋ እኔ አልበላም፣ ክርስቲያን የባረከውን እሱ አይበላም፤ ስለዚህ እኔ በእሱ ድስት፣ እሱም በእኔ ድስት ቀምሰን አናውቅም። በዚህ አንድ ቀንም ቅር ተሰኝተን አናውቅም። ሰው ከሚበላበት ዕቃ ጋር እንደማይቀለድ ሁለታችንም ከቤታችን ተምረን ነው የመጣነው።

የእኔ ከድሬዳዋ ገበያ የተገዛ ትንሽ የሸክላ ድስት ነበር። ስወርድ እንዳይሰበርብኝ ጭኔ ላይ አቅፌው ነው የመጣሁት። ቅባት ነክቶት አያውቅም፣ የጾም ድስት ነው። ሸክላ እንደ ብረት አይደለም፤ የጨመሩበትን ይጠጣል፣ የጠጣውንም ይዞ ይቆይና እሳት ሲያገኘው መልሶ ያወጣዋል። ስለዚህ ሳሙና አያውቅም። በውሃና በጭድ አሸት አሸት አድርጌ ፀሐይ ላይ እደፋዋለሁ፣ በቃ።

ማዳም ደግሞ ከአገሯ ያስመጣችው የሣር ሣጥን ነበራት። ክዳን ያለው የእንጨት ሣጥን ሆኖ ውስጡ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ ተለብጧል፣ በደረቅ ሣርም ታጭቋል። መሐሉ ላይ ድስት የሚቀበርበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ወጡ ከሰል ላይ ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ ድስቱ ከነክዳኑ ሣሩ ውስጥ ይገባና ሣጥኑ ይዘጋል፤ እስከ ማታ በገዛ ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲበስል ይውላል። ቀኑን ሙሉ እሳት የለም። ነሐሴ ላይ አሸዋ ያዘለው ነፋስ ሲነሣ ከሰል ፊት መቆም ምን እንደሆነ የቆመ ያውቀዋል፤ እና እውነቱን ለመናገር ሣጥኑ መልካም ነገር ነበር።

የጠላሁት መፋቁን ነው። ማዳም የሣር ሣጥን ወጥ አያሳርርም ብላ ታምናለች። ልክ ናት፣ ሣጥኑ አያሳርርም። የሚያሳርረው ከሣጥኑ በፊት ያለው ከሰል ነው፤ ከሰሉ ላይ ደግሞ እኔ ላማስል ብላ አዴርን ገፍታ፣ መጽሔቷን እያገላበጠች ድስቱን የምትረሳው ራሷ ናት። ከሥሩ የያዘው ባቄላ ሣጥን ውስጥ ሲውል ማታ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ ትናንት በደንብ ስላላጠብሽው ነው ዛሬ የያዘው ትለኛለች። ድስቷ የብረት ሆኖ ውስጡ ነጭ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ይጫራል ብላ አሸዋ ከልክላኛለች፣ ቢላዋም ከልክላኛለች። ታዲያ በምን ላላቅቀው? በምላሴ? አመድ በውሃ በጥብጬ አፈላበታለሁ፣ እስኪለሰልስ አሳድረዋለሁ፣ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ጠርዝ ጥቂት በጥቂት እፍቀዋለሁ፤ የቀረውን እድፍ በሎሚ ቅርፊት አሸዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ ስፍቅ በልቤ ስድብ እደረድራለሁ። አፌ ግን ዊ ማዳም ይላል። እንጀራ ነዋ።

አሳማ የተሠራበት ቀን ግን ውል ውል ነው። ከመርከብ የሚመጣ በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ ትወዳለች፤ ያን በሠራች ማግሥት እጅጌዋን ሰብስባ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ድስቷን ራሷ ትፍቃለች። አዴርና እኔ የኩሽናው መስኮት ሥር ሆነን ላቧ ሲንጠባጠብ እያየን እንስቅ ነበር። ነውር ነው፣ ግን ደስ ይለን ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ልጄ በትኩሳት ወደቀች። ከድሬዳዋ የወረደ የባቡር ሠራተኛ ነው መልእክቱን ያደረሰልኝ፤ እናትሽ ድረሺ፣ ካልቻልሽም ጸልዪ ብላለች አለኝ። ፈቃድ ብለምን ማዳም እንግዶች ሊመጡብኝ ነው፣ ጥቂት ቆዪ አለች። ሄጄ ላቅፋት ስላልቻልኩ ለእመቤታችን ተሳልኩ። ልጄን ካተረፍሽልኝ የዘንድሮን ፍልሰታ በአንድ የጾም ድስት፣ ያለ ዘይት፣ ንፍሮ ብቻ ቀምሼ እጨርሳለሁ፣ ሌላ ነገር ከአፌ አይገባም አልኩ። ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ለቋታል፣ ግን ገና አልጠናችም የሚል ወሬ መጣልኝ። ገና አልጠናችም የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ስለቴ ገና አልተከፈለም፣ ልጄም ገና አልዳነችም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ነው የታዩኝ። የድሬዳዋውም ፈቃድ ፍልሰታ ሲፈታ እንዲሆን ተቀጠረልኝ።

ፍልሰታ ሲገባ ማዳምን ኩሽና ድረስ ጠርቼ ድስቴን በጣቴ አሳየኋት። በኩሽና ፈረንሳይኛዬ፣ ይህ የልጄ ስለት ነው፣ ጾሙ እስኪፈታ የምበላው በዚህ ብቻ ነው፣ ምንም እንዳይነካው አልኳት። አዎ አዎ፣ ገብቶኛል አለችኝ። ትከሻዬንም መታ መታ አደረገችኝ። ሰምታለች እያልኳችሁ ነው።

እሑድ አክስቴ ዘንድ ዋልኩ። እሑድ የአዴርም የዕረፍት ቀኑ ነው፤ ቤቱን ለማዳም ትተንላት ወጣን። ማታ ስመለስ ድስቴ በቦታው፣ እንደ ልማዱ በአፉ ተደፍቶ ነበር። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ተኛሁ።

በማግሥቱ ስንዴና ሽምብራ ቀቀልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አማተብኩና ጭብጥ ሙሉ ዘግኜ ቃምኩ። አፌን ሳሙና ሳሙና አለኝ። ውሃው ይሆናል ብዬ ነበር፤ የጅቡቲ ውሃ ጨውም ሌላም ይላል። ዋጥኩት። ከዚያ ድስቱን አዘንብዬ ከሥሩ የቀረውን ውሃ ሳየው የቅባት ዓይን ተንሳፍፎበታል። ክብ ክብ፣ ቢጫ ቢጫ። ያለ ዘይት የተቀቀለ ንፍሮ ላይ ቅባት ከየት ይመጣል? እንፋሎቱን አሸተትኩት። በረንዳው ላይ ማዳም ስትፍቀው እየሳቅኩ ያሸተትኩት ያ ሽታ ነበር።

ውጭ ሮጬ ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተትኩ። አንዳንዱ ወጣ፣ አንዳንዱ አልወጣም። ድስቱን ከነንፍሮው ይዤ ማዳም ወደ ተቀመጠችበት ሳሎን ገባሁና ምን እንደበሰለበት ጠየቅኳት።

ብታፍር ይሻለኝ ነበር። አላፈረችም፣ እንዲያውም ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። ትናንት አንድ የመርከብ ሹም ምሳ ተጋብዞ የአሳማ ሥጋ ይዞላት መጣ። የራሷ ድስት ቅዳሜ ያሳረረችው ባቄላ እንደያዘው እኔ አመድ ውሃ ሞልቼበት ትቼዋለሁ። ዞር ብላ ስታይ የእኔ ሸክላ ባዶውን ተቀምጧል፤ ብትለካው ለሣጥኑ ጎድጓዳ ልክክ አለ። ሥጋውን ከምስር ጋር ሠራችበት። ሸክላ ውስጥ እንዴት እንደሚጥም አላውቅም ነበር አለችኝ፤ እንግዳውም ሁለት ጊዜ አስጨምሯል። ምስሩ ከሥሩ ስለያዘባት ግን ማታ ድረስ ስትፍቅ አመሸች።

«እኔው ራሴ አጠብኩት፣ ላንቺ አልተውኩትም» አለችና መዳፎቿን ዘረጋችልኝ። «በሶዳ አፈላሁት፣ በሳሙና አሸሁት፣ ሆምጣጤ አፈሰስኩበት። ስትገዢው እንኳ እንዲህ ንጹሕ አልነበረም።»

መዳፎቿ እውነትም ተልጠው ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው። የእኔን ድስት እንዲህ አድርጋ ያጠበችው ውላችንን አክብሬያለሁ ብላ ነው፤ አሳማ የነካውን ዕቃ እሷ አታጥብም ተብሏልና እኔ ልጠብላት ብላ ነው። ከውሉ ውስጥ ለእሷ የሚቀልላትን ቃል ይዛ የቀረውን ጥላዋለች። የራሷን ድስት ለመፋቅ ግማሽ ሰዓት ከምትደክም፣ የእኔን አቆሽሻ ግማሽ ቀን መድከም ተሻላት። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። በሩ ላይ ቆሞ እስክመጣ የጠበቀኝ የለም፣ ቡላኦስ ድረስ ሰው የላከብኝ የለም። ዞር አለች፣ አየች፣ ልክክ አለላት፣ ወሰደች።

«ማዳም፣ ልጄን ያስያዝኩት በዚህ ድስት ነው» አልኳት።

«ታጥቧል እያልኩሽ» አለች። «ደግሞስ ድስት ነው እኮ።»

ድስቱን እንደያዝኩ ሳያት እሷ ማልቀስ ጀመረች። እጄን እስኪላጥ ደክሜልሽ እንዲህ ታዪኛለሽ ወይ ብላ አለቀሰች። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸው ነው። ልጇ አልጋ ላይ ያለችው እኔ፣ አሳማ የበላሁት እኔ፣ መሐረብ ፈልጌ የማቀብላትም እኔው ሆንኩ። አቀበልኳት። ድስቱን ምንጣፏ ላይ አስቀምጬላት ወጣሁ።

አክስቴ ዘንድ ሮጥኩ። እሷ ነገሩን ሰምታ ማዳምን የምትችለውን ያህል ሰደበችልኝና፣ ሳታውቂ የበላሽው አይቆጠርብሽም፣ እመቤታችን ልብሽን ታያለች፣ ጾምሽን ቀጥዪ አለችኝ። ደግ ቃል ነው። እኔ ግን የንስሐ አባቴ ድሬዳዋ ናቸው፤ ልጄም ድሬዳዋ ናት፤ ከእነሱ አፍ ካልሰማሁ የሚያጽናናኝ አልነበረም። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እናቴ ልጄን በነጠላ ስትሸፍናት ይታየኛል። በምን እንደምቀጥልም አላወቅኩም። በማዳም ዕቃ አይሆን፣ እዚያ ገበያ የሚገኘው ያገለገለ ሸክላ ደግሞ ማን ምን እንዳበሰለበት አይታወቅ። የዚያን ቀን ሌላ ነገር ሳልቀምስ አደርኩ።

በማግሥቱ አዴር ነገሩን ከማዳም አፍ ሰማ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ከሳሎን ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ከቤት ወጣና የቀትሩን ፀሐይ ገበያ ውሎበት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ቆርቆሮ ሠሪው ዘንድ ቆሞ ከአዲስ ቆርቆሮ ያሠራው ትንሽ ድስት ነበር። በጨርቁ ከውጭ ብቻ ይዞ ዘረጋልኝ።

«እሳት አልነካውም» አለኝ። «ውስጡን ሠሪው ነው የነካው፣ ሠሪው ደግሞ እጁን ሲታጠብ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ አልነካሁትም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። በእሱ ድስት እንደማልበላ ያውቃል፤ እንድበላበት ደግሞ ውስጡን እንኳ ሳይነካ አመጣልኝ። ይህ ሰው እኔ የምጾመውን አይጾምም፣ እኔ የምሳልላትን አይሳልላትም። ማዳም ደግሞ ማርያምን አንገቷ ላይ በወርቅ አንጠልጥላ ትሄዳለች። የገባው እሱ ነው።

ቆርቆሮ ግን ስስ ነው። ከሰል ላይ እንደተጣደ ያሳርራል። የቀረውን ፍልሰታ በሙሉ ንፍሮዬ ከሥሩ እየያዘ፣ እየከሰለ፣ ጥቁር ጥቁሩን ጭምር እየቆረጠምኩ ነው የጨረስኩት። ያረረውን ብጥለው ስለቱን ያጎደልኩ መሰለኝ። ከበላሁ በኋላ ወደ ባሕሩ ዳር ወርጄ ቆርቆሮዬን በአሸዋ እፈትገዋለሁ፤ እሱን አሸዋ የሚከለክለኝ የለም። የዓመት ንዴቴን እዚያ ላይ ፈተግኩት። አንድ ቀን ጓሮ ተቀምጬ የያዘውን ስፍቅ ማዳም በላዬ መጣችና በሶዳ እኮ ቶሎ ይለቃል፣ ወዲህ በይው ብላ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው» አልኳት።

ለጌታ ሚስት እንዲህ አይባልም። አልኩ። እጇን ሰበሰበችና ሄደች፤ እስከ ማታም አላነጋገረችኝም። እኔም አልናፈቀኝም።

ጾሙ ሲፈታ ባቡር ተሳፈርኩ። ስወርድ ድስት አቅፌበት በመጣሁት መንገድ ባዶ እጄን እየተመለስኩ ነበር። ስለልጄ ከሰማሁ ሰንብቻለሁ። በየጣቢያው ባቡሩ ሲቆም ሊነግረኝ የመጣ ሰው ያለ እየመሰለኝ በመስኮት እፈልጋለሁ። ማዳም የወሰደችብኝ ድስት ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ከዚያ ጭብጥ ንፍሮ ጀምሮ እስከ ድሬዳዋ ጣቢያ ድረስ ልጄን ሞታ ነበር የማያት። አንድም ቀን በሕይወት አልታየችኝም። እነዚያን ቀኖች በየትኛው ሶዳ ነው የምታጥብልኝ?

ልጄ ከእናቴ ጋር ጣቢያው ላይ ቆማ ነበር። ሸንኮራ ትመጥጣለች፤ አገጯ ሁሉ ረጥቧል። ከስታለች፣ ግን በእግሯ ቆማለች። ሳልስማት ግንባሯን ዳሰስኩት፤ ትኩሳት የለም። ደስታው ሳይደርስብኝ በፊት ንዴቱ ደረሰብኝ። ለካ ደህና ነበረች፤ ለካ እነዚያን ሌሊቶች በከንቱ ነው የሞትኩት። አቅፌያት ስንሰቀሰቅ እናቴ ደስታ መስሏት እሰይ እሰይ ትላለች። የንስሐ አባቴም ኋላ አክስቴ ያለችውኑ ደግመው ነገሩኝ፣ ጸበልም ረጩኝ። ልጄን አዳነችልኝ፤ ለእመቤታችን ጥያቄ የለኝም። ጥያቄዬ ከማዳም ጋር ነው።

ተመለስኩ። ምን ላድርግ፣ የምበላውና የምልከው እዚያ ነው ያለው። ስገባ በረንዳው ላይ፣ ሌላ ጊዜ አሳማዋን የምትፍቅበት ቦታ፣ ሸክላዬ ተቀምጧል። ማዳም እኔን ለማስደሰት ብላ አፈር ሞልታ ቀይ አበባ ተክላበታለች። እንዳይጣል ብዬ ነው አለችኝ። ያ ቤት እስኪፈርስ ድረስ፣ እነሱ ወደ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት አበባውን ውሃ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። ሸክላው በጠጣ ቁጥር ከውጭ ነጭ ሶዳ ያወጣ ነበር።

ልጄ አሁን የልጆች እናት ናት። ይህን ስነግራት ትስቃለች፤ ስንት ሰው በረሃብ በሚሞትበት አገር ስለ ድስት ትናደጃለሽ፣ ማዳምም አጥባልሻለች፣ ድስት ነው እኮ ትለኛለች። የማዳምን ቃል ከየት እንዳገኘችው እንጃ፤ እኔ ነኝ መሰለኝ ያስተማርኳት።

«ድስት ነው፣ አዎ» እላታለሁ። «ውስጡ የነበርሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ያን ጊዜ መሳቋን ትተዋለች።